«ሊጌሽን» ያላልነው ለምንድን ነው?

ከ4 ኪሎ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው ሚኒባስ ረዳት «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!» እያለ ይጣራል። ሙሉ ስሙን ለመጥራት ጊዜ የለውም እንጂ ሰፈሩስ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከየካ ሳይወጡ ቁልቁል ወረድ ሲሉ ደግሞ እንግሊዝ ኤምባሲ አለ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ለጋሲዮን፣ ሌላው ኤምባሲ የተባለበት ምክንያት ግን አለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓድዋ ማግሥት ነው። በ1889 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ላጋርድና የእንግሊዙ ሮድ በወራት ልዩነት መጥተው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ተዋዋሉ። ሁለቱም መንግሥታት ከከተማው ወደ ምሥራቅ ሰፋፊ መሬት ተሰጣቸው። የዚያን ዘመን መልእክተኛ መሥሪያ ቤት ደረጃው ከኤምባሲ በታች ሲሆን፣ መጠሪያው በሁለቱም ቋንቋ ሲጻፍ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሲነበብ ግን እንግሊዙ «ሊጌሽን»፣ ፈረንሳዩ «ሌጋሲዮን» ይላል። የአዲስ አበባ ሰው የፈረንሳዩን ያዘ፤ «ሌ»ን ብቻ ለአፉ እንዲመቸው «ለ» አደረጋት።

አያስገርምም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውም ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ስለነበረ ጣቢያው «ለገሃር» ሆኖ ቀረ። ሾፌርና ቢሮም የገቡት በዚያው በር ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ ካዛንቺስን ጥሎልን ሄደ። ጅራቷ ላይ ያለችው «ቺስ»፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ድርጅት የተረፈች ናት። እንግሊዝ ቢያነባት ኖሮ «ሲስ» በሆነች ነበር።

ከነጻነት በኋላ መምህሩ ተለወጠ። በ1935 ዓ.ም. እዚሁ ኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ለውጡን በጆሮ ለመስማት ከኮተቤ ወደ ሲኤምሲ መውረድ ይበቃል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ነው፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው «ቺ ኤሜ ቺ» ነው የሚሉት። ካዛንቺስ ላይ «ቺ» ያልናትን ያቺኑ ፊደል እዚህ «ሲ» አልናት።

የፈረንሳይ መሥሪያ ቤትም ኤምባሲ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ግን ስሙን አልቀየረም። የመንገድ ምልክትና የታክሲ ታፔላ የምትጽፉ ወገኖች፣ እንግሊዝኛ ዐውቃለሁ ብላችሁ «ሊጌሽን» እንዳትሉብን አደራ።