ረድፍ የመጠበቅ ችግር በከፊል ራሳቸውን በሚነዱ መኪኖች

ረድፍ የመጠበቅ ችግር የሚባለው አሽከርካሪውን የሚያግዝ ወይም የሚተካ ሥርዓት የተገጠመለት መኪና ረድፉን ይዞ መሄድ ሲያቅተው የሚፈጠረው ሁኔታ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ረድፍ» ሲባል አንድ መኪና የሚሄድበት የመንገዱ ክፍል፣ «መስመር» ሲባል ደግሞ ረድፎችን ለመለየት አስፋልት ላይ የተቀባው ቀለም ነው። የችግሩ ሥር ያለው እዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ሰው መንገዱን አይቶ ይነዳል፤ አብዛኞቹ ሥርዓቶች ግን በዋናነት ቀለሙን አይተው መንገዱን ይገምታሉ።

አሠራር

ከፊት መስታወቱ በስተጀርባ የተገጠመ ካሜራ በየሰከንዱ ብዙ ምስሎች ያነሳል። ኮምፒውተሩ ከምስሎቹ የግራውንና የቀኙን መስመር ለይቶ ረድፉ ወደፊት እንዴት እንደሚታጠፍ ያሰላል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዘውን መሪ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ መኪናውን መሐል ላይ ያቆያል። ቀለል ያለው ዓይነት ግን ጎማው ወደ መስመሩ ሲጠጋ ብቻ ያስጠነቅቃል ወይም መኪናውን ይመልሳል።

ለስሕተት ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የአንድ ረድፍ የተለመደ ስፋት 3.6 ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው መኪና መሐሉን ይዞ ሲሄድ በየጎኑ የሚተርፈው 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና አቅጣጫው በ1 ዲግሪ ቢዛባ በአንድ ሰከንድ 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ መስመሩን ለመርገጥ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤርንስት ዲክማንስ በካሜራ የሚመራ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ አስኪዷል። በ1995 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጡ ነዳጁንና ፍሬኑን እነርሱ ይዘው፣ ከጉዞው 98 በመቶ ያህሉን መሪውን የያዘው ኮምፒውተር ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የቀረው 2 በመቶ ነው ማለት ይቻላል።

መንስኤዎች

በጣም የታወቀው መንስኤ የደበዘዘ ወይም ጨርሶ የሌለ መስመር ነው። ይሁን እንጂ መስመር ሲጠፋ ሥርዓቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ስለሚያውቀው ሥራውን ያቆማል። የበለጠ የሚያሰጋው የተሳሳተ መስመር ነው። መንገድ ሲጠገን ተፍቆ ያልጠፋ አሮጌ መስመር ከአዲሱ ጎን ይታያል። የአስፋልት ስንጥቅ የተደፈነበት ሬንጅ ፀሐይ ዝቅ ስትል ያብረቀርቅና መስመር ይመስላል። በጀርመን በግንባታ ቦታ የሚደረገው ጊዜያዊ ቢጫ መስመር ነጩን ይሽራል፤ ሁለቱ አብረው በሚታዩበት ቦታ ካሜራው የትኛውን መከተል እንዳለበት መለየት አለበት። በ2019 እ.ኤ.አ. የቴንሰንት ኩባንያ የደኅንነት ተመራማሪዎች መሬት ላይ ጥቂት ትናንሽ ተለጣፊዎችን በማድረግ አንድ የቴስላ መኪና ወደ ተቃራኒው ረድፍ እንዲያዘነብል አድርገዋል።

ጠባብ ኩርባ ሌላው ችግር ነው። የተባበሩት መንግሥታት 79ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ረድፍ ጠባቂ ሥርዓት በቤት መኪና ላይ ሊፈጥር የሚችለውን የጎን ፍጥንጥነት በሰከንድ ካሬ 3 ሜትር ላይ ይገድባል። በዚህ ስሌት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ራዲየሱ ከ257 ሜትር ያነሰ ኩርባ ሲያጋጥመው ሥርዓቱ ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ገደቡ የተቀመጠው መሪው በድንገት በኃይል እንዳይዞር ነው፤ ለአንዱ አደጋ የተሰጠው መፍትሔ ለሌላው በር ከፍቷል። ከዚህ ሌላ የኮረብታ ጫፍ ወደፊት ያለውን መስመር ይሸፍናል፣ ዝናብና በረዶም እይታውን ያደበዝዛሉ። የፊት መስታወት ተቀይሮ ካሜራው እንደገና ካልተስተካከለ ደግሞ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊያደላ ይችላል።

የማውንቴን ቪው አደጋ

ማርች 23 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ማውንቴን ቪው ከተማ የደረሰው አደጋ በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ነው። በቦታው ከአውራ ጎዳና 101 ወደ መንገድ 85 የሚወጣው ረድፍ በግራ በኩል ይገነጠላል። በሁለቱ መሐል እየሰፋ የሚሄድ ባለ ሦስት ማዕዘን አስፋልት አለ፤ መጨረሻው የኮንክሪት ግድግዳ ነው። የሦስት ማዕዘኑ ግራና ቀኝ ድንበሮች የተቀቡ መስመሮች በመሆናቸው ከሩቅ ሲታይ ራሱን የቻለ ረድፍ ይመስላል።

ኦቶፓይለት የተባለውን ሥርዓት ለ19 ደቂቃ ያህል ሲጠቀም የቆየ የቴስላ ሞዴል ኤክስ መኪና ወደ ግራ ታጥፎ እዚህ ቦታ ገባ። ከፊቱ ይከተለው የነበረው መኪና ከእይታው ሲወጣ፣ ሥርዓቱ መንገዱ የተለቀቀለት ይመስል በሰዓት ከ100 ወደ 114 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጨመረ። ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፤ አውቶማቲክ ፍሬኑም አልያዘም። ግጭቱን ለማለዘብ ግድግዳው ፊት የቆመው መሣሪያ ከ11 ቀን በፊት በሌላ አደጋ ተጨፍልቆ ገና አልተተካም ነበር። አሽከርካሪው ሕይወቱ አለፈ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድምዳሜ መኪናውን ወደዚያ የመራው የሥርዓቱ የአቅም ውስንነት መሆኑን ገልጿል። አሽከርካሪው ምላሽ ያልሰጠው ደግሞ ምናልባት በስልክ ጨዋታ ተይዞ ስለነበረና በሥርዓቱ ከመጠን በላይ ስለተማመነ ነው ብሏል። በመጨረሻዎቹ 6 ሰከንዶች እጁ መሪው ላይ መሆኑ አልተመዘገበም። ይኸው አሽከርካሪ መኪናው በዚሁ ቦታ ወደ ግድግዳው እንደሚያዘነብል ቀደም ብሎ ለቤተሰቡ ተናግሮ ነበር። ችግሩን እያወቀ መዘናጋቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በትክክል የሚሠራ መሣሪያ ጠባቂውን ያዘናጋል።

የአሽከርካሪው ድርሻ

በተለመደው ከ0 እስከ 5 ባለው የደረጃ አከፋፈል፣ በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች ደረጃ 2 ናቸው። ይህም መኪናው መሪውን፣ ፍጥነቱንና ፍሬኑን ቢይዝም ኃላፊው ሰው ነው ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ አምራቾች የአሽከርካሪውን ንቃት የለኩት መሪው ላይ በሚያሳርፈው ኃይል ነበር፤ እጅ መሪ ላይ መኖሩ ግን ዓይን መንገድ ላይ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። የጄኔራል ሞተርስ ሱፐር ክሩዝ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የአሽከርካሪውን ፊት የሚከታተል ካሜራ ይዞ ወጣ፤ የሚሠራውም ቀድመው በዝርዝር ካርታ በተነሱ ጎዳናዎች ላይ ብቻ ነበር። ቴስላም በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. የአሽከርካሪ ቁጥጥሩን ለማጥበቅ በአሜሪካ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን በሶፍትዌር ማሻሻያ አስተካክሏል።

ደንቦች

በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሽያጭ የሚመዘገብ ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና ድንገተኛ የረድፍ ጥበቃ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ የሚለየው በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት 157ኛ ደንብ፣ ሥርዓቱ ሲነዳ ሰው ዓይኑን ከመንገድ እንዲያነሳ ይፈቅዳል። መጀመሪያ የተፈቀደው እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን በኋላ እስከ 130 ከፍ ብሏል። ሥርዓቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው አሽከርካሪውን ይጠራል፤ ምላሽ ካጣ ፍጥነቱን ቀንሶ መኪናውን ያቆማል።