«ሻንቆ» ማለት ምን ማለት ነው?

በግቢያችን መልኩ ጠቆር ያለ ልጅ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራው መምህሩ ስም ሲቆጣጠር ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ፣ በመኝታ ክፍልም ሆነ በካፌ ሰልፍ፣ «ሻንቆ» ነው። በየቤታችንም እናት ልጇን ታቆላምጥበታለች፤ ወንድም በወንድሙ ይቀልድበታል። ለምን እንዲህ ትሉታላችሁ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ያው ነው፦ «እንዴ፣ ጥቁር ማለት ነዋ! ለፍቅር እንጂ ለክፋት መች ሆነ?» ለፍቅር መሆኑን አንክድም። ጥቁር ማለት ነው የሚለውን ግን አንቀበልም።

አማርኛ ለመልክ ቃል አይቸግረውም። ጥቁር አለ፣ ጠይም አለ፣ ቀይ ዳማ አለ፣ ቀይ አለ። ማቆላመጥ ያማረው ሰው «ጥቁሬ» ቢል ይበቃዋል። «ሻንቆ» የተቆረጠው ከመልክ ስም ሳይሆን «ሻንቅላ» ከሚለው ነው። ሻንቅላ ደግሞ ራሱን በዚህ ስም የሚጠራ ሕዝብ የለውም። የደጋው ሰው ከኩናማ አገር አንስቶ በመተከልና በአሶሳ በኩል እስከ ኦሞ ድረስ በምዕራቡ ቆላ የሚኖረውን በጅምላ የጠራበት ስም ነው። በርታው ከጉሙዙ፣ ጉሙዙ ከኩናማው በቋንቋ አይግባባም። አንድ ያደረጋቸው የጠሪው አፍ ብቻ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች «ሻንጋላ» እያለ ይጽፋል። ጎረቤቶቻቸው በፈረስ እየወጡ እንደሚያድኗቸው፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት እንደሚወስዱ ይተርካል። እንግዲህ ስሙ ይለይ የነበረው ቆዳን ብቻ አልነበረም፤ ማን ሊታደንና ሊሸጥ እንደሚችልም ይለይ ነበር።

የሕዝብ ስም የባርነት ስም ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የንጉሥ ዒዛና የ4ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ኖባዎች ካጠቋቸው ሕዝቦች መካከል «ባርያ» የሚባሉትን ይጠቅሳል፤ እዚያ ላይ ቃሉ የሕዝብ ስም ነው። ዛሬ በኤርትራ «ናራ» የሚባሉት ሰዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር። ፈረንጆችም ከዚህ አልዳኑም። የእንግሊዝኛው «ስሌቭ» የመጣው ከስላቭ ሕዝቦች ስም ነው።

ወደ አሶሳ እንምጣ። የበርታ ሰው አገሩን «በላ ሻንጉል» ይለዋል፤ የሻንጉል አለት ማለት ነው። ሻንጉል በመንጌ በኩል በተራራ ላይ ያለ፣ የተከበረ ድንጋይ ነው። «በላ»ው በዓረብኛ አፍ «ቤኒ» ሆነና ቤኒሻንጉል ተባለ። (ሻንጉልና ሻንቅላ አንድ ቃል ናቸው የሚል ክርክር ለሚያነሳ፦ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።) ይህን አገር ወርቁም ሰዉም አላስተኛውም። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የወረረው የግብጹ መሐመድ አሊ ጦር ዓባይን ይዞ ሽቅብ የመጣው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነው። ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች ከበርታ ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ደግሞ «ወጣዊት» ተባሉ፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፤ ወፍም አይጥም ያልሆነች ፍጥረት። ቅጽል ስም እንዲህ ነው! የሚገርመው ግን የሌሊት ወፎቹ ገዢ ሆኑ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ዘምተው አገሩን ለምኒልክ ሲያስገብሩ አገሩን ይገዙ የነበሩት ሼኮች ከእነዚሁ ወገን ነበሩ፤ የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን አንዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ነገሩን በደገኛው ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አናደርገውም። ሼኮቹ ለአዲስ አበባ ወርቅና ሰው ይገብሩ ነበር፤ ወደ ሱዳንም ይሸጡ ነበር። የሆጀሌ ሚስት ሲት አምና በዚሁ ንግድ የሱዳን መንግሥት እጅ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የተሸጠው ገበሬ ከላይም ከታችም የሚያስጥለው አልነበረውም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባርነትን የሚገድብ አዋጅ ወጣ። ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉን ግን የሻረው አዋጅ የለም። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ «ወላሞ» ቀርቶ ወላይታ፣ «ጃንጀሮ» ቀርቶ የም ተባለ። አንዱ ስም በሌላ ተተካ። ሻንቅላ ግን የአንድ ሕዝብ ስም አልነበረምና የሚተካው አንድ ስም አልተገኘለትም። በርታው በርታ፣ ጉሙዙ ጉሙዝ፣ ኮሞው ኮሞ፣ ማኦውም ማኦ ተባለና ባዶው ቃል ሜዳ ላይ ቀረ። አራዳ ደግሞ ሜዳ ላይ የወደቀ ቃል አያልፍም።

ቀልዱ የሚያስቀው ለምን እንደሆነ እንመርምር። የጎጃሙን ወይም የሸዋውን ልጅ «ሻንቆ» ስንለው የምንስቀው፣ እሱም የሚስቀው፣ እንዳልሆነ ሁላችን ስለምናውቅ ነው። አያቱ እንዳልተሸጡ እርግጠኛ ስለሆነ ስሙ አይቆረቁረውም። በዚያው ክፍል ከመንጌ ወይም ከካማሺ የመጣ ልጅ ሲኖር ግን ሳቁ ይከስማል። ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ ወሬ እንለውጣለን። ጥቁር ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ያሳፍረን ነበር?

ከወዲያኛው ወገንም የመጣ ስም አለ። በ1971 ዓ.ም.፣ በኋላም ከ1977ቱ ረሃብ ጋር፣ ብዙ ወሎዬ በሰፈራ ወደ አሶሳ ተወስዷል። በክልሉ ከደጋ የመጣ ሰው «ቀይ» ይባላል። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ፣ «ቀይ» መባል ጨዋታ አልነበረም። ያም ቢሆን የመልክ ስም አይደለም። እኛ መኝታ ክፍል ውስጥ «ሻንቆ» የምንለው ያ ጠቆር ያለ የወሎ ልጅ፣ መተከል ቢሄድ «ቀይ» ነው።