ስለ በጌምድር ሴቶች ሙግት

በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ዊሊ የሚባል የቴሌቪዥን ጨዋታ ለሕዝብ ይታይ ነበር። ጁን ሃቮክ የተባለችው ተዋናይት በትንሽ ከተማ ጥብቅና የያዘች ሴት ሆና ትጫወታለች። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሴት ጠበቃ ጥቂት ነበረችና፣ ሴት ለሙግት መቆሟ ራሱ የሳቅ ምክንያት ሆነ። ጨዋታውም ዓመት ሳይሞላው ቀረ። በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና ይህን ያየ በመካከላችን ብዙ አይገኝም፤ እኔ ግን ወሬውን በሰማሁ ጊዜ የበጌምድር እናቶቻችን ትዝ አሉኝ። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ሴት ከዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት ማየት የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ምክንያቱ ርስት ነው። በአማራ አገር እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅም ከወንድሟ ጋር ትካፈል ነበር። ባል ብታገባ ርስቷ የባሏ አይሆንም ነበር፤ በአባቷ ስም እንደ ተጠራች ትኖር ነበር፤ ጋብቻው ቢፈርስ ድርሻዋን ይዛ ትወጣ ነበር። ርስት ያለው ሁሉ ደግሞ ሙግት አያጣም ነበር። ወንድሟ ቢከለክላት፣ የአጎቷ ልጅ ድንበር ቢገፋባት፣ ከዳኛ ትደርስ፣ ዋስ ትጠራ፣ ምስክር ትቆጥር ነበር። በእርግጥ የአሜሪካዪቱ ሙግት ስለ ሌላ ሰው ነው፤ የእኛዪቱ ግን ስለ ገዛ ርስቷ ነበር። የዳኝነቱ ወንበርም አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ነበርና የቀድሞውን ዘመን ከሚገባው በላይ ማመስገን አይገባም።

ይህን ያቆዩልን ካህናት ናቸው። የርስት ሽያጭና ስጦታ፣ የሙግቱም ፍጻሜ፣ በደብሩ መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ የዳኛውና የምስክሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ አፍራሹም እንዲወገዝ ግዝት ይጨመርበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው በመቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ፤ 350 ያህሉም ወደ ለንደን ተወስደው እስከ ዛሬ በዚያው አሉ። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እንዲህ ያለውን የኅዳግ ጽሕፈት መርምሮ፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ በጌምድር አማራ ሴቶች ንብረትና ሙግት አንድ ጥናት አወጣ። የመረመረው ዘመን በእኛ ታሪክ ከእቴጌ ምንትዋብ ጀምሮ የደብረ ታቦሩ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል እስከ ሆኑበት ድረስ ያለው መቶ ዓመት ነው። ሴቶቹ በዚያ ባለ ርስት፣ ሻጭ፣ ገዢ፣ ተሟጋችም ሆነው ይገኛሉ። ባዕድ ሰው በለንደን ተቀምጦ የአያቶቻችንን ነገር ማንበቡ ያስቀናል።

ያስቀናል ማለቴ በከንቱ አይደለም። በአንድ የገጠር ደብር ወንጌሉ እንደገና ሲደጎስ፣ የመጀመሪያው ቅጠል «የወንጌል ቃል የለበትም» ተብሎ ተገንጥሎ ሲጣል አይቻለሁ። ደጓሹ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን አደረገ። ቅጠሉን አንሥቼ ባየው የአንዲት ወይዘሮ ስም አለበት፤ ከስሟ በታች ሦስት መስመር ያህል ተጽፎ ነበር፤ እርጥበት አጥፍቶታልና ሊነበብ አልቻለም።