የፖልካ ዜማ የማስተማሪያ ገጽ
በወረቀት ላይ የእጅ ጽሑፍ፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)። ስሊቭ ሉክራ፣ በኬሪና በኮርክ ወሰን፣ አየርላንድ።

የቫዮሊን መምህሩ ፓድሬግ ኦኪፍ (1887–1963) ኖታ ለማያነቡ ተማሪዎቹ የራሱን አጻጻፍ ቀየሰ። በኖታው አምስት መስመሮች መካከል ያሉት አራት ክፍተቶች የቫዮሊኑ አራት ክሮች ናቸው። ቁጥሮቹ ክሩን የሚጫነውን ጣት ያመለክታሉ፤ 0 ከሆነ ክሩ ሳይጫን ይገዘገዛል። ለአኮርዲዮን ደግሞ ቁጥሩ የቁልፉ ነው፤ መግፋትና መሳቡ በምልክት ይለያል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ሙዚቃውን ሳይሆን እጅን ይጽፋል።

ፖልካ ከቦሔሚያ የመጣ ጭፈራ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስንና ለንደንን አዳርሶ አየርላንድ ገባ። በስሊቭ ሉክራ ጥንዶች በቡድን ለሚጨፍሩት ጭፈራ በፈጣን ሁለት ምት ይጫወቱታል። የብዙዎቹ ዜማዎች ደራሲ አይታወቅም፤ መጠሪያቸው ብዙ ጊዜ ዜማው የተገኘበት ተጫዋች ስም ነው።