ሳይነኩት የሚሠራ ማሽን፦ የኢንዴክስ ፈንድ ታሪክ እና የመካከለኞቹ ኩባንያዎች ጣጣ

ስለ ገንዘብ ስታነቡ «ለጀማሪ የሚሻለው ኢንዴክስ ፈንድ ነው» የሚል ምክር ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ትንሽ ገፋ ካደረጋችሁ ደግሞ አንዱ ይመጣና «ግዙፎቹን ተዉአቸው፣ ሚድ ካፕ ግዙ» ይላችኋል፤ መካከለኛ መጠን ያላቸውን ኩባንያዎች ማለቱ ነው። ሁለቱ ምክሮች አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። ልዩነቱን ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ነገሩ እንዴት እንደተሠራና መጀመሪያ ላይ ለምን እንዳስቸገረ ማወቅ ይበቃል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ይህን ታሪክ የወደድኩትም ከገንዘብ ታሪክ ይልቅ የማሽን ታሪክ ስለሚመስለኝ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩም የአሜሪካ ነው።)

ከቃሉ እንጀምር። ኢንዴክስ ማለት የኩባንያዎች ስም ዝርዝርና አንድ የስሌት ደንብ ነው፤ በቃ። ቻርልስ ዳው የተባለ ጋዜጠኛ በግንቦት 1896 የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 አካፈለና 40.94 የሚል ቁጥር አገኘ። ይሄ በእርሳስ የሚሠራ ሒሳብ ነው። 500 ኩባንያዎችን የያዘው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን እስከ 1957 መጠበቅ ነበረበት፤ ያን ያህል ዋጋ ቶሎ ቶሎ ለማስላት ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበርና። እስከዚህ ድረስ ኢንዴክስ መለኪያ ብቻ ነው። ቴርሞሜትር ክፍሉን እንደማያሞቀው ሁሉ፣ ኢንዴክስም በራሱ ለማንም ገንዘብ አያስገኝም ነበር።

ታዲያ መለኪያው እንዴት የሚገዛ ነገር ሆነ? መንገዱን የጠረጉት የባለሙያዎቹ ትንበያዎች ናቸው፤ ስላልሠሩ። አልፍሬድ ካውልስ የሚባል ባለጸጋ ለገበያ ትንበያ አገልግሎቶች ይከፍል ነበር። የ1929ኙ ውድቀት ሲመጣ ግን ምክራቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጥያቄ ሆነበት። እሱም የትንበያ መዝገቦችን ሰብስቦ ቆጠረና በ1933 «የአክሲዮን ገበያ ተንባዮች መተንበይ ይችላሉ ወይ?» የሚል ርዕስ ያለው ጥናት አወጣ። መልሱ በአጭሩ «ያጠራጥራል» ነበር።

ቀጥሎ የመጣው መረጃ ነው። በ1960 ሜሪል ሊንች የተባለው የድለላ ድርጅት ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሰጠ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ አክሲዮን የገዛ ሰው በረጅም ጊዜ በአማካይ ምን ያህል አተረፈ? ጥያቄው ቀላል ይሁን እንጂ መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጄምስ ሎሪና ሎውረንስ ፊሸር በኒው ዮርክ ገበያ ከ1926 ጀምሮ የነበሩትን አክሲዮኖች ዋጋ ወደ ኮምፒውተር አስገብተው፣ አጣርተው ውጤቱን ያሳተሙት በ1964 ነው። ግብርን ሳይጨምር በዓመት 9 በመቶ ገደማ ነበር። ለዚህ ሥራ የተቋቋመው የመረጃ ማዕከል ክሪስፕ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መምረጥ ካልቻልክ ሁሉንም ግዛ። ችግሩ «ሁሉንም ግዛ» የሚለው እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ጆን ማክኳውን የተባለ የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቅ በዌልስ ፋርጎ ባንክ ይህን ለመሞከር አንድ ቡድን ይመራ ነበር። በ1971 ሳምሶናይት (አዎ፣ የሻንጣው ኩባንያ) ከሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ 6 ሚሊዮን ዶላር ሰጣቸው። ቡድኑም በኒው ዮርክ ገበያ ያሉትን 1,500 ገደማ አክሲዮኖች በእኩል መጠን ገዛ። ለእያንዳንዱ 4,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው።

እኩል ማድረግ ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? እስቲ በማግስቱ የሚሆነውን አስቡት። አንዱ አክሲዮን 4,400 ሆነ፣ ሌላው 3,700 ገባ። እኩልነቱ ፈረሰ። ለመመለስ ከወጣው መሸጥ፣ የወረደውን መግዛት ያስፈልጋል። በሚቀጥለውም ቀን፣ በሚቀጥለውም። በዚያ ላይ የደላሎቹ ኮሚሽን ያኔ በደንብ የተወሰነ ስለነበር መከራከር አይቻልም፤ ይህ የተነሳው ግንቦት 1 ቀን 1975 ነው። ማሽኑ ራሱን ለማስተካከል ብቻ ነዳጁን ይጨርስ ነበር።

መፍትሔው በእኩል መጠን መግዛትን መተው ነበር። እያንዳንዱን ኩባንያ በገበያ ዋጋው ልክ ግዛ፤ ማለትም የአክሲዮኖቹ ብዛት ሲባዛ በአንዱ ዋጋ። አንድ ኩባንያ ከገበያው 2 በመቶ ከሆነ፣ ከገንዘብህም 2 በመቶውን ይዟል። ዋጋው በእጥፍ ሲያድግ በገበያው ውስጥ ያለው ድርሻ ያድጋል፤ አንተ ጋ ያለውም በዚያው ልክ አብሮ ያድጋል። ምንም መንካት አያስፈልግም! ለኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ግኝት ይሄ ነው። ዌልስ ፋርጎም ብዙ ሳይቆይ በዚህ መንገድ ወደሚሰላው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ዞረ።

ለተራው ሰው ያመጣው ደግሞ ጆን ቦግል ነው። በ1974 ከሚመራው ድርጅት ተባረረ፤ በዚያው ዓመት ቫንጋርድን መሠረተ። በነሐሴ 1976 ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ኢንዴክስ ፈንድ 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስባል ተብሎ 11.3 ሚሊዮን ብቻ ሰበሰበ። ሰዎች «የቦግል ጅልነት» ብለው ሳቁበት። ገንዘቡ 500ውንም ለመግዛት ስላልበቃ 280 ገደማ ኩባንያዎችን በናሙና ገዝቶ ጀመረ። ቫንጋርድ ዛሬ በዓለም ካሉት ግዙፍ የፈንድ ድርጅቶች አንዱ ነው።

አሁን ወደ መካከለኞቹ እንምጣ። በሰኔ 1991 ኤስ ኤንድ ፒ ከ500ዎቹ ቀጥሎ ያሉ 400 ኩባንያዎችን የያዘ ሚድ ካፕ 400 የተባለ ኢንዴክስ አወጣ። የኮንስትራክሽን ላቦራቶሪ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ጠጠር ሲለካ ወንፊቶች ይደረደራሉ፣ ላይኛው ሰፊ ቀዳዳ፣ ታችኛው ጠባብ። በሁለቱ መሀል የሚቀረው ሚድ ካፕ ነው። ልዩነቱ ጠጠር አያድግም፤ ኩባንያ ግን ያድጋል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሳይነኩት የሚሠራው ማሽን በጫፎቹ ላይ መነካት ይጀምራል። በመጋቢት 2024 ሱፐር ማይክሮ የተባለው የሰርቨር አምራች ከሚድ ካፕ 400 ወጥቶ ወደ 500 ገባ፤ የቤት ዕቃ አምራቹ ዊርልፑል ደግሞ ከ500 ተሰናበተ። ሚድ ካፕ ፈንድ የያዘ ሰው፣ ምርጥ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሚዛወሩበትን ክፍል እንደሚያስተምር መምህር ነው። ያደገውን ይሸጣል፤ ከላይ የወረደውን ይቀበላል። እያንዳንዱ ዝውውር ደግሞ መሸጥና መግዛት ነው፤ ወጪ አለው።

ክሪስፕ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የቫንጋርድ ሚድ ካፕ ፈንድ ዛሬ የሚከተለው በዚሁ ማዕከል የሚሰላ ኢንዴክስ ነው። ደንቡ ኩባንያዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ፣ ከጠቅላላ የገበያው ዋጋ ከ70 እስከ 85 በመቶ ባለው ክልል የሚገኙትን ይወስዳል። አንድ ኩባንያ መስመሩን በትንሹ ስላለፈ ግን ወዲያው አይዛወርም፤ ርቆ መሄድ አለበት። ሲዛወርም ግማሹ ብቻ ይሄዳል፣ የቀረው በሌላ ጊዜ። የኤሌክትሪክ ካውያ እንዲሁ ነው፦ የሚጠፋበትና መልሶ የሚበራበት ሙቀት አንድ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ ይውል ነበር።

ወጪ ለምን ይህን ያህል አሳሰበኝ? በዚያው በ1991 ዊልያም ሻርፕ በደመርና መቀነስ ብቻ አንድ ነገር አሳየ፦ ገበያውን የያዙት ሰዎች ሁሉ ተደምረው ራሱ ገበያው ናቸው። ስለዚህ አክሲዮን የሚመርጡት በአማካይ፣ ወጪ ሳይቀነስ፣ ከኢንዴክሱ ጋር እኩል ናቸው፤ ወጪ ሲቀነስ ግን ከሱ ያንሳሉ። ይህ ለመካከለኞቹም እኩል ይሠራል። ቁጥር እናስገባ፦ 100,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት 761,000 ገደማ ይሆናል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 1 በመቶ በክፍያ ከሄደ 574,000 ገደማ። (ምሳሌ ነው፣ ተስፋ አይደለም። በቴሌግራም «በወር 20 በመቶ» የሚላችሁን ሰው እዚህ ስሌት ውስጥ አስገቡትና ለ30 ዓመት እዩት፤ ብሩ ከምድር ያልፋል።)

መካከለኞቹ ይሻላሉ ወይ ለሚለው፣ ዘመኑን ሳይጠሩ የሚመልስ ሰው አትመኑ። ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ሚድ ካፕ 400 በዓመት 6 በመቶ ገደማ ሲያስገኝ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከሥሯል። በቀጣዩ አሥርት ግን ግዙፎቹ ቀደሙ። በ2008 ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ወደቁ፤ መሀል መሆን ያኔ አላዳነም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር)፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ወንፊት ለመደርደር መጀመሪያ ብዙ ጠጠር ያስፈልጋል፤ እዚያ ገና አልደረስንም። አሜሪካ የምትኖሩና ከደመወዛችሁ ለጡረታ የሚቆረጥባችሁ ግን ሚድ ካፕ የሚል መስመር ከምርጫዎቹ መካከል ልታዩ ትችላላችሁ። ከመምረጣችሁ በፊት ሌላ ምን እንደያዛችሁ እዩ። ከ1992 ጀምሮ ጠቅላላ ገበያውን የሚገዙ ፈንዶች አሉ። እንዲህ ዓይነት ከያዛችሁ መካከለኞቹ ቀድሞውኑ እጃችሁ ላይ ናቸው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ኩባንያው ሲያድግ የሚሸጠው የለም፤ በመሀል የተዘረጋ ወንፊት የለማ።