«ቁጥጥር» ወይስ «አዛዥነት»?

አሜሪካ የምትኖር ዘመዴ «እስኪ ይህን አንብብልኝ» ብላ የተተረጎመ የብድር ውል ላከችልኝ። ውሉ መሐል ላይ «ቁጥጥር የሚደረግበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ» የሚል ሐረግ ተጋድሟል። እሷም የገባት እንደ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ነው፦ መንግሥት ዓይኑን የጣለበት ሰነድ፣ ልክ ቁጥጥር እንደሚደረግባቸው መድኃኒቶች። ሕጉ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። ንብረቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አያሻውም፤ የሚያሻው የምስጢር ቁልፉን የጨበጠ ሰው ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ሕግ የሚያወጡት ግዛቶቹ ናቸው፤ እንዳይራራቁ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን ወጥ የንግድ ሕግ እየተቀበሉ ያጸድቃሉ። 9ኛው ክፍል ስለ መያዣ ነው። አበዳሪ ወይ መያዣውን እጁ ያስገባል፣ ወይ ያስመዘግባል። ቢትኮይንን የመሰለ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ግን እጅ አይገባም። ስለዚህ በ2022 የወጣው ማሻሻያ 12ኛ ክፍል ጨመረና «ኮንትሮል» (ተርጓሚው «ቁጥጥር» ያለው) በእጁ ያለ አበዳሪ አስመዝግቦ ብቻ ከተቀመጠው ይቀድማል አለ። የቃል ነገር ምን ያጣላል ለሚል ደግሞ፣ በ2023 የሳውዝ ዳኮታ ገዥ ክሪስቲ ኖም ማሻሻያውን አልፈርምም ያሉት «ገንዘብ» የሚለው ቃል በተበየነበት መንገድ ሳቢያ ነበር።

«ቁጥጥር»ን እንዲሁ ልንቀው አልፈልግም። ሥሩ «ቆጠረ» ነው። የፈረንጁም ቃል ቢሆን ጥንት ሒሳብ ማመሳከሪያ ከነበረ ሁለተኛ ጥቅል መዝገብ የመጣ ነው። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ ከአንድ ቆጠራ ቤት ወጥተዋል። ልዩነቱ፣ የእነሱ ቃል ከቆጣሪነት ወደ ጌትነት አደገ፤ የኛው ቲኬት እያየ ቀረ።

«ይዞታ» የሚሉም አሉ። ደስ ይላል፤ «መያዣ» ራሱ ከ«ያዘ» ነውና ቤተ ዘመድ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ1140ኛው አንቀጽ ይዞታን የሚበይነው በአንድ ነገር ላይ በእውነት በማዘዝ ነው። ሆኖም አዲሱ ቃል የተፈለገው እኮ ይዞታ አልበቃ ስላለ ነው! ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው ሕጉ የለያቸውን እኛ መልሰን አጣበቅን። «ሥልጣን»ስ? ቢሮና ማኅተም ይሸታል።

እኔ «አዛዥነት» እላለሁ። የምስጢር ቁልፍ ያለው ሰው የሚያደርገው ማዘዝ ነው፤ ባንክ ቤትም «የክፍያ ማዘዣ» ስንል ኖረናል። «የጦር አዛዥ ያስመስላል» ያለኝ ወዳጅ አለ። በቤተ መንግሥት ግን አዛዥ የግቢውን ስንቅና ግብር የሚያዝ ሹም ነበር፤ ያዝበታል እንጂ የእሱ አይደለም። አዲሱ ሕግም ይህንኑ ይላል፤ አበዳሪው አዛዥ ሊሆን ይችላል፣ ንብረቱ ግን የተበዳሪው ነው። ይህን ልዩነት «ባለቤትነት»ም «ጌትነት»ም አይሸከሙትም።

ደግሞ «አዛዥ ናዛዥ» የሚል አባባል አለን። ሕጉ ከሚጠይቃቸው ሥልጣኖች አንዱ ከንብረቱ መጠቀም፣ ሌላው ለሌላ ማስተላለፍ ነው። ማዘዙ መጠቀሙን ይዟል፤ «ናዛዥ» የሚለውም ኑዛዜን እያስታወሰ ወደ ማስተላለፉ ያደርሰናል። የሚጎድለው ሌላውን መከልከል ነው፤ እሱን «ብቸኛ» የምትል ቅጽል ትሞላዋለች። እናም ያንን ሐረግ «ብቸኛ አዛዥ የሚኖረው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ» ብዬ ለዘመዴ መለስኩላት። ትንሽ ይረዝማል፣ አውቃለሁ። «ታዲያ ብበደር አዛዡ ማን ሊሆን ነው?» ብላ ጻፈችልኝ።