የወለቃ ጸሎት ቤትና የሕፃናት ትምህርት

ታሪክን በመጽሐፍ ብቻ ተምሮ መጨረስ አይቻልም። በዐይን የታየ ነገር በጆሮ ከተሰማው ይልቅ በልብ ውስጥ ጠልቆ ይቀራልና፣ ሕፃናትን ከክፍላቸው አውጥቶ ጥንታዊ ሥፍራ ማስጐብኘት ከመልካም መምህር ተግባር አንዱ ነው። ወደ ጎንደር የተወሰደ ተማሪ ሁሉ የፋሲልን ግንብ ያያል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴንም ሥዕል አይቶ ይደነቃል። ከከተማው በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በዚያችም መንደር የአይሁድን እምነት ይከተሉ የነበሩት የሀገራችን ልጆች፣ ቤተ እስራኤል፣ ይሰበሰቡበት የነበረ አንድ አነስተኛ ጸሎት ቤት ይገኛል። እንደ ግንቡ ግርማ የለውም፤ የሚያስተምረው ነገር ግን ከግንቡ አያንስም።

እንግዲህ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ከዚህ ቤት ደጃፍ ቢደርስ መምህሩ ምን ሊነግራቸው ይገባል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ቤቱ ዛሬ ካህንም ምእመንም የለውም። ስለ ባለቤቶቹ የሚናገርላቸው በዚያች ሰዓት መምህሩ ብቻ ነው። መምህሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ ልጁ ከመንደር የሰማውን ተረት ይዞ ገብቶ ያንኑ ተረት ይዞ ይወጣል። ተረቱም ምን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቀዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቤቱ ስም መናገር ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤል የጸሎታቸውን ሥፍራ «ጸሎት ቤት» ወይም «መስጊድ» ይሉት ነበር። ሕፃናቱ ይህን ሲሰሙ መገረማቸው አይቀርም፤ መስጊድ የእስላም ብቻ ይመስላቸዋልና። መምህሩ ግን ቃሉ «ሰገደ» ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን፣ ትርጕሙም መስገጃ ማለት እንደ ሆነ፣ ግእዝና ዐረብኛም በሥራቸው ዘመዳሞች መሆናቸውን ቢያስረዳቸው አንድ ትልቅ ትምህርት ከበሩ ሳያልፉ አገኙ ማለት ነው። ቤተ እስራኤል ከማስተሥረያ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን የሚያከብሩት «ስግድ» የተባለው በዓልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በዚያ ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ድንጋይ በራሱ ተሸክሞ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ካህናቱም ኦሪትን ያነቡለትና ከእግዚአብሔር ጋር የተገባውን ቃል ኪዳን ያሳስቡት ነበር። በጎንደር አካባቢ አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀ ሥፍራ ነበር።

የቤቱም ሥርዐት እንዲህ ነበር። ጸሎት ቤቱ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያደረገ ሲሆን፣ በውስጡ ቅድስተ ቅዱሳን የሚባል ክፍል ነበረው። በዚያም የኦሪት መጽሐፍ ይቀመጣል፤ ከካህናት በቀር ማንም አይገባበትም። ኦሪቱ በሌላ አገር እንዳሉት አይሁድ በጥቅል የተጻፈ ሳይሆን እንደ ሀገራችን ልማድ በብራና ተጽፎ የተጠረዘ፣ ቋንቋውም ግእዝ ነበር። ከነዚህም መጻሕፍት አንዳንዱን ገልብጠው የጻፉላቸው ክርስቲያን ጸሐፍት ነበሩ። ጸሎታቸውም በግእዝ ሲሆን፣ በመካከሉ የአገውኛ ቃል ይገኝበት ነበር። ዕብራይስጥን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ አያውቁትም ነበር። ካህናቱ «ቄስ» ይባላሉ፤ ሰንበትን በብርቱ ጥንቃቄ ያከብራሉ፤ ወንድ ልጅ በተወለደ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። መነኮሳትም ነበሯቸው፤ ለእነዚህም መነኮሳት መጀመሪያ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አባ ጽብራ እንደ ሆኑ ይነገራል።

ይህን የሰማ ክርስቲያን ልጅ ግእዙን ከቤተ ክርስቲያኑ ያውቀዋል፤ የእስላም ልጅ የመስጊድን ስም፣ ከጸሎት በፊት መታጠብንም ያውቃል፤ የወንጌላውያን ልጅ የሙሴን መጻሕፍትና የዳዊትን መዝሙር ያውቃል። እንግዳ ቤት የገባ የመሰለው ሁሉ ከራሱ ቤት አንድ ዕቃ በዚያ ያገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሕዝቡን ታሪክ በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። ስለ አመጣጣቸው የሚነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም እንደ መጡ፣ አንዳንዱ ከዳን ነገድ እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ከሊቃውንትም ብዙዎች የኦሪትን ሕግ አጽንተው የያዙ የሀገሩ ሰዎች፣ በተለይም ከአገው ወገን ናቸው ይላሉ። የሆነ ሆኖ በሰሜን፣ በደምቢያ፣ በወገራና በጎንደር ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት መኖራቸው አያከራክርም። ነገሥታቱ ዓፄ ዓምደ ጽዮን፣ ዓፄ ይስሐቅ፣ ዓፄ ሠርጸ ድንግልና ዓፄ ሱስንዮስ በየዘመናቸው ወግተዋቸዋል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዓፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ማዘዛቸው በትውፊት ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለው ስም «ፈለሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ርስት የሌለውን፣ ከአገር አገር የሚሰደደውን ሰው ያመለክታል። እነርሱ ግን ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው ይጠሩ ነበርና መምህሩም በዚሁ ስም ሊጠራቸው ይገባዋል። ሰውን ራሱ በመረጠው ስም መጥራት የጨዋነት መጀመሪያ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን የሰሜን ቤተ እስራኤል ከመሪያቸው ከጌዴዎን ጋር ድል ከሆኑ በኋላ፣ መሬት የሌለው ሕዝብ በእጁ ሥራ ሊኖር ግድ ሆነበት። ወንዶቹ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛና አናጺ ሆኑ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን በቆረቈሩ ጊዜና ከዚያም ወዲህ በነበሩት ነገሥታት ዘመን ሙያቸው እጅግ ይፈለግ ነበር፤ በከተማይቱም ሕንፃዎች ሥራ ተካፍለዋል። ከዚህም ሁሉ ጋር በ1660 ዓ.ም. በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ከክርስቲያኑ ተለይተው በሠፈራቸው እንዲኖሩ ተወሰነባቸው። እጃቸው ለቤተ መንግሥቱ ይፈለጋል፤ እነርሱ ግን በጎረቤትነት አይፈለጉም። ሕፃናቱ የፋሲልን ግንብ ጠዋት አይተው ከሰዓት በኋላ ወለቃ ቢደርሱ፣ ይህን ነገር በአንድ ቀን በዐይናቸው ሊያስተያዩት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ተረቱ መናገር ግድ ይሆናል። ብረት የሚቀጠቅጥና ጭቃ የሚያቦካ ሰው ቡዳ ነው፣ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ይበላል እየተባለ ተወርቷል። ልጅ በታመመ ቍጥር፣ ላም በነጠፈች ቍጥር ጣት ወደ እነርሱ ይቀሰር ነበር። ገበሬው በማረሻው አርሶ፣ በማጭዱ አጭዶ፣ ሚስቱ በምጣዱ ጋግራ በድስቱ ወጥ ሠርታ ይበላሉ፤ ማረሻውንና ማጭዱን የቀጠቀጠውን፣ ምጣዱንና ድስቱን የሠራችውን ግን ይሸሻሉ። አፈሩን ቈፍሮ፣ ፈጭቶና አቡክቶ፣ ያለ መዘውር በእጅ ቅርጽ አውጥቶ፣ አድርቆ በእሳት መተኰስ ትዕግሥትና ዕውቀት የሚጠይቅ ጥበብ ነው እንጂ ጥንቈላ አይደለም። ቤተ እስራኤልም በበኩላቸው ስለ ኦሪት የመንጻት ሕግ ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ፣ የተነካም ሰው ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም ነበርና ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» የሚል ስም አወጡላቸው። የእነርሱ ጥንቃቄ ግን ከእምነት ሥርዐት የመጣ ነው፤ የሌላው ተረት ንጹሕ ሰው አስደብድቧል፣ አስገድሏልም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ስድቡ ግን ከልጆች አንደበት ፈጽሞ አልጠፋም። ይህም የሚያሳየው አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የክፍል ትምህርትም ሊረዳው እንደሚገባ ነው።

የሕዝቡ መከራ በዚህ አላበቃም። በ1854 ዓ.ም. አባ ማሕሪ የተባሉ መነኵሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ተስፋ ያደረጉት እነዚያ መንገደኞች ወደ ትግራይ ከደረሱ በኋላ በረኃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ጥቂቶች ናቸው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን ደግሞ መሬትና ከብት ያልነበረው የእጅ ሠራተኛ ከማንም አስቀድሞ ተጎዳ።

ከዚህ በኋላ የትምህርት ዘመን መጣ። ዣክ ፋይትሎቪች የሚባል አይሁዳዊ ሊቅ በ1897 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሁለት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ ከሁለቱ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ገደማም በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አቶ ታምራትም ዳይሬክተሩ ሆኑ። በዚያ ዘመን ከተማሩት መካከል ዮና ቦጋለ ይገኛሉ። አቶ ዮና ከጠላት ወረራ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለው፣ ኋላ ግን ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው በየመንደሩ ትምህርት እንዲስፋፋ ደክመዋል። በ1947 እና በ1948 ዓ.ም. 27 ያህል ወጣቶች ወደ እስራኤል ለትምህርት ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎች ተመልሰው መምህራን ሆኑ። ስለዚህ ሕፃናቱ በቤተ እስራኤል ታሪክ ውስጥ ስደትን ብቻ ሳይሆን ጠመኔ የያዘ መምህርንም ያገኙበታል።

በመጨረሻም ሕዝቡ ወደ ናፈቀው አገር ሄደ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተደረገው የሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች በሱዳን በኩል ተወሰዱ፤ ወደ ሱዳን በተደረገው የእግር ጕዞና በመጠለያ ሠፈሮች የሞቱትም 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። የስግድ በዓልም በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ። በሄዱበትም አገር ሌላ ፈተና አላጡም፤ የካህናቶቻቸው ሥልጣንና የራሳቸው አይሁድነት ሲጠየቅባቸው ኖሯል። ወለቃ ባዶ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በመንደሪቱ የሚገኙት ሸክላ ሠሪዎች ሌሎች ናቸው፤ የሚሸጡት የሸክላ አንበሳና ምስል ግን የቀድሞዎቹን ሴቶች እጅ ያስታውሳል።

ከመሃል ሐዋሳ ትምህርት ቤት ወደ ወለቃ የሚወስደው መንገድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ሊሄድበት አይችልም። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወደ ሐዋሳ ሊመጣ ይችላል። በከተማችን በአንድ ክፍል ውስጥ የቅዱስ ገብርኤል ምእመን ልጅ፣ የወንጌላውያን ልጅና የእስላም ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። በሲዳማም ምድር ሀዲቾ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ እንዲሁም ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች፣ በልማድ ምክንያት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ በአንድ ማዕድም እንዳይቀርቡ ተደርገው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። እምነታቸው ከቤተ እስራኤል እምነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የደረሰባቸው ንቀት ግን አንድ ዐይነት ነው። ስለዚህ መምህሩ የወለቃን ታሪክ በሥዕልና በካርታ ካስተማረ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ገበያ ወስዶ፣ ጀበናና ምጣድ ከምትሸጠው ሴት ፊት አቁሞ፣ «እናቴ፣ ይህን እንዴት ይሠሩታል?» ብለው በአክብሮት እንዲጠይቁ ቢያደርግ የጉብኝቱን ግማሽ ፈጸመ ማለት ነው።

ወደ ወለቃ የሚሄዱት ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይግቡ። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ባለቤቱ ካለበት ይልቅ መከበር ይገባዋልና። ከወጡም በኋላ መምህሩ አንድ ነገር ይጠይቃቸው፤ «በዚህ ቤት ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች ምን ሠሩልን? እኛስ ምን መለስንላቸው?» የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ማረሻውን፣ ምጣዱን፣ ግንቡን፣ ትምህርት ቤቱን መቍጠር ይበቃል። ሁለተኛውን ግን የሚመልሱት አድገው ከጎረቤታቸው ጋር በሚኖሩት ኑሮ ነው።